ሴቶቹ ልጆች የት ሄዱ?

የአንዲት የህንድ ገጠር መንደር መዝገብ ሲነበብ

ህንድ ሲባል ምን ትዝ ይልዎታል? ለብዙዎቻችን ፊልሙና ጭፈራው፣ ሳሪውና ቅመሙ ነው የሚቀድመው። በዕድሜ ገፋ ያሉ አንባቢዎቻችን ደግሞ በንጉሡ ዘመን ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ያስተማሯቸውን ህንዳዊ መምህር ያስታውሱ ይሆናል። ዛሬ የምወስድዎት ግን የፊልም ካሜራ ወደማይደርስበት ቦታ ነው፤ አንድ ገጽ እንኳ ወደማይሞላ የቁጥር ሠንጠረዥ፣ የአንዲት ትንሽ የገጠር መንደር የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ። ቁጥር ነው ብለው አይለፉኝ። እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ውዬ የማመሸው ሰውን በዕድሜ፣ በፆታና በገቢ ስከፋፍል ነው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው “እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ምን እየወሰኑ ነው?” ብዬ ነው።

ህንድ በየ10 ዓመቱ ሕዝቧን ስትቆጥር ኖራለች። በ2011 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) 1.21 ቢሊዮን ሰው ተቆጠረ፤ ከ100 ሰው 69ኙ የገጠር ነዋሪ ነበር። በ2021 መካሄድ የነበረበት ቆጠራ በኮሮና ምክንያት ተራዝሞ ለ2027 ተቀጥሯል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት የህንድ መንደር ሕዝብ ቢጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥዎት መልስ ያኔ የተቆጠረው ነው። በዚያን ዓመት እናታቸው ጀርባ ላይ የነበሩት ሕፃናት ዛሬ ጎረምሳና ኮረዳ ሆነዋል፤ መዝገቡ ላይ ግን አሁንም እንደታዘሉ ናቸው።

መዝገቡ የያዛቸው መንደሮች ከ640 ሺህ ይበልጣሉ። የሚገርመው፣ ከነዚህ ከ40 ሺህ በላይ የሚሆኑት አንድም ሰው የማይኖርባቸው መሆናቸው ነው። ለህንድ መዝገብ መንደር ማለት በቅድሚያ የመሬት ግብር ክልል ነውና ሰው ቢለቀውም ስሙና ወሰኑ አይሰረዝም።

መስመር በመስመር

እስቲ አንዲት መንደር በሐሳባችን እንሥራ። 230 ቤተሰብ፣ 1,200 ሰው ይኑርባት፤ 630 ወንድ፣ 570 ሴት። ከ7 ዓመት በታች የሆኑት ልጆች 160 ይሁኑ፤ ወንዶቹ 88፣ ሴቶቹ 72። ቀጥሎ “በዝርዝር የተያዙ ካስቶች” የሚል መስመር ይመጣል፣ ከሱ ሥር “በዝርዝር የተያዙ ጎሳዎች”፣ ከዚያ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ከዚያ ሠራተኞች። መዝገቡ በአጭሩ ይኸው ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ቶሎ እንለፋቸው። ማንበብና መጻፍ የሚቆጠረው ከ7 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በታች ያሉት ልጆች ለብቻቸው የተለዩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በ2011 በአገር ደረጃ ከ100 ወንዶች 81፣ ከ100 ሴቶች 65 ያህሉ ያነቡ ነበር። በሥራ በኩል ደግሞ በዓመት ከ6 ወር በላይ የሠራ “ዋና ሠራተኛ”፣ ከዚያ በታች የሠራ “ከፊል ሠራተኛ” ይባላል። የራሱን መሬት የሚያርስና በሰው መሬት በቀን ሙያ የሚውል ለየብቻ ይመዘገባሉ፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ባለ መሬቱንና መሬት አልባውን ይለያል። ከንጋት እስከ ምሽት ውኃ ስትቀዳ፣ ስትጋግርና ልጅ ስታሳድግ የምትውለው እናት ግን “ሥራ የሌላት” ተብላ ነው የምትገባው። ይህንን ለአንባቢዎቼ ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ማን የት ይኖራል?

አሁን ወደ ካስቱ መስመር እንመለስ። በህንድ ሰው የሚወለድበት የማኅበረሰብ ክፍል ሥራውን፣ ጋብቻውንና መኖሪያውን ሲወስንለት ኖሯል። “በዝርዝር የተያዙ ካስቶች” የሚባሉት ከሁሉ በታች ተደርገው “አይነኬ” ሲባሉ የኖሩት ናቸው፤ ራሳቸውን ዳሊት ብለው ይጠራሉ። በ2011 ከሕዝቡ 16.6 በመቶ ነበሩ። በዝርዝር የተያዙት ጎሳዎች ደግሞ 8.6 በመቶ። በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት አይነኬነትን አግዷል፤ ዝርዝሩም የተዘጋጀው በትምህርት፣ በሥራና በምክር ቤት ቦታ እንዲያዝላቸው ነው። ሆኖም ዛሬም ብዙ መንደር ቢገቡ የዳሊቶቹ ሰፈር ከዋናው መንደር ዳር ለብቻው ተቀምጦ ያገኙታል።

የተቀረው ሕዝብ ካስትስ? መዝገቡ ዝም ይላል። እንግሊዞች በ1931 ካደረጉት ቆጠራ ወዲህ የሁሉም ካስት ተቆጥሮ ይፋ አልሆነም፤ በ2027 ግን እንደገና እንደሚቆጠር መንግሥት አሳውቋል። ስለዚህ በእኛ የሐሳብ መንደር ከ1,200ው 250 ሰው ዳሊት ቢሆን፣ የቀረው 950 ሰው አንድ ወጥ ሕዝብ ይመስልዎታል። አይደለም።

ምን ያህል የተሰባጠረ እንደሆነ ለማየት በ1948 ማይሶር ከተማ አጠገብ ወዳለች አንዲት መንደር እንሂድ። ስሪኒቫስ የሚባል ህንዳዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በዚያ ዓመት እዚያ ከርሞ ነበር። “ራምፑራ” የሚል የብዕር ስም የሰጣት ይህች መንደር 1,500 ያህል ሰው ብቻ ነበራት፤ ነገር ግን 19 የሂንዱ ካስቶችና ሙስሊሞች ይኖሩባት ነበር። ካህኑ፣ ገበሬው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪው፣ እረኛው፣ ልብስ አጣቢው፣ ፀጉር ቆራጩ፣ እያንዳንዱ የራሱ ካስት አለው፤ የሚጋባውም ከራሱ ጋር ነው። ስሪኒቫስ ያስተዋለው ዋና ነገር የመንደሩ ጌታ ማን እንደሆነ ነው። በሃይማኖት ደረጃ ከሁሉ በላይ የሆኑት ብራህሚኖች አልነበሩም፤ በቁጥርም በመሬትም የበዙት ኦካሊጋ የሚባሉት ገበሬዎች ነበሩ። ጠብ ሲነሣ የሚዳኙት፣ ቅጣት የሚጥሉት እነሱ ናቸው። “የበላይ ካስት” የሚለውን አባባሉን የህንድ መንደር የሚያጠና ሁሉ እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል።

የዚህ ሰው ታሪክ መንገድ የሚያስወጣ ቢሆንም ሳልነግርዎት አላልፍም። ማስታወሻዎቹን ይዞ አሜሪካ ስታንፎርድ ሄዶ ሊጽፍ ተቀምጦ ሳለ፣ በ1970 ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት ሦስቱም ቅጂዎች ተቃጠሉ። የብዙ ዓመታት ሥራ ነበር። እሱ ግን መንደሩን በቃሉ አስታውሶ ጻፈው፤ መጽሐፉም በ1976 “የታወሰችው መንደር” በሚል ርዕስ ወጣ።

ታዲያ መንደር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ማኅተመ ጋንዲ የህንድ ነፍስ ያለችው መንደር ውስጥ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የሕገ መንግሥቱን አርቃቂ ኮሚቴ የመሩት፣ ራሳቸው ዳሊት የነበሩት ዶክተር አምቤድካር ግን በዚህ ፈጽሞ አልተስማሙም፤ መንደር ለእሳቸው የጠባብነትና የድንቁርና ማደሪያ ነበር። እኔ ሁለቱን ሳነጻጽር አምቤድካርን ማመን ይቀናኛል።

ትንሿ መስመር

አሁን ከሁሉ አጭር ወደሆነችው መስመር ደረስን። ከ7 ዓመት በታች፤ 88 ወንድ፣ 72 ሴት።

በተፈጥሮ ከሴት ይልቅ ወንድ በጥቂቱ በዝቶ ይወለዳል፤ ለ1,000 ወንድ 950 ያህል ሴት። በእኛ መንደር ግን ለ1,000 ወንድ 818 ሴት ብቻ ነው የሚደርሰው። ደነገጡ? ትንሽ ይታገሡ። 160 ልጅ ትንሽ ቁጥር ነው። በተፈጥሮ ስሌት 78 ሴት ይጠበቅ ነበር፤ ጉድለቱ 6 ልጅ ነው፣ ይህ በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል። አንድ ቤት አራት ወንድ በተከታታይ ሲወለድ አይተው የለ? ስለዚህ በአንዲት ትንሽ መንደር መዝገብ ብቻ ተነሥቶ “እዚህ ግፍ አለ” ማለት አይቻልም። በሥራዬም ከ20 ደንበኛ ተነሥቶ ስለ ገበያው ሁሉ የሚናገር ሰው ያስፈራኛል።

ችግሩ የሚታየው መንደሮቹ ሲደመሩ ነው። በ1991 በመላው ህንድ ከ7 ዓመት በታች ለ1,000 ወንድ 945 ሴት ነበር። በ2001 927 ሆነ፤ በ2011 ወደ 919 ወረደ። በዴልሂ ዙሪያ ባለችው በሃርያና ግዛት 834 ነበር። ይህ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም። በግዛቲቱ ሁሉ ከአሥር ሴት ልጆች አንዷ የለችም ማለት ነው።

የት ሄዱ? ከፊሎቹ ከተወለዱ በኋላ ምግቡም ሕክምናው ከወንድማቸው ኋላ ስለሚደርሳቸው በለጋነታቸው ያልፋሉ። አብዛኞቹ ግን አልተወለዱም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ወደ ትናንሽ ከተሞች ገባ፤ የፅንሱን ፆታ አይቶ ሴት ከሆነች ማስወረድ ተለመደ። በተለይ የመጀመሪያዋ ልጅ ሴት በሆነችበት ቤት ሁለተኛዋ ሴት የመወለድ ዕድሏ ይጠባል። የዚያን ጊዜ ክሊኒኮች ያወጡት የነበረ ማስታወቂያ አለ፤ ሐሳቡ “አሁን 500 ሩፒ ከፍለው በኋላ 50 ሺህ ይቆጥቡ” ነው። 500ው የምርመራው ዋጋ ነው፣ 50 ሺህው ለሴት ልጅ የሚከፈለው ጥሎሽ። በሙያዬ ብዙ ማስታወቂያ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ አጭር፣ ግልጽ፣ ደንበኛውን አብጠርጥሮ የሚያውቅና የሚሰቀጥጥ ግን አላየሁም።

በ1994 የወጣው ሕግ የፅንስ ፆታ መንገርን ከለከለ፤ ማስታወቂያውንም ጭምር። ዛሬ ህንድ ውስጥ አልትራሳውንድ ክፍል ሲገቡ “እዚህ የፅንስ ፆታ አይነገርም” የሚል ሰሌዳ ይጠብቅዎታል። ጥሎሽም ቢሆን በ1961 በሕግ ታግዷል። ይሁንና አሁንም ይሰጣል፣ ይቀበላል።

እዚህ ላይ “ይህ የድህነትና ያለመማር ጣጣ ነው” ብለው ካሰቡ መዝገቡ ይቃወምዎታል። በ2011 በገጠር ለ1,000 ወንድ 923 ሴት ልጅ ሲኖር በከተማ 905 ብቻ ነበር። በዝርዝር በተያዙት ጎሳዎች ዘንድ 957፣ በዝርዝር በተያዙት ካስቶች 933። ይህም ማለት መሬትም ገንዘብም ትምህርትም የሌላቸው፣ ከመንደሩ ዳር የተገፉት ሰዎች ሴት ልጆቻቸውን ከባለ ሀብቶቹ የተሻለ ጠብቀዋል። ሃርያናም ቢሆን ስንዴ የሚታፈስባት ሀብታም ግዛት ናት። የምርመራ ዋጋ መክፈል የሚችለውና መሬቱ እንዳይከፋፈል የሚሠጋው ባለ መሬቱ ነው።

ሌላው ምክንያት የጋብቻው ሥርዓት ነው። በሰሜን ህንድ ሴት ልጅ የምትዳረው ከመንደሯ ውጭ ነው፤ የመንደሩ ልጆች እንደ እኅትና ወንድም ስለሚቆጠሩ እዚያው መጋባት ነውር ነው። በመሆኑም በሐሳብ መንደራችን ከተቆጠሩት ያገቡ ሴቶች አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ምራቶች ናቸው፤ 72ቱ ሴት ልጆች ደግሞ አንድ ቀን ሁሉም ይሄዳሉ። ወላጅ የሚጦረው ወንዱ ነው፤ ሴቷ “የሰው ሀብት” ትባላለች። በደቡብ ግን ከዘመድ ጋር ወይም እዚያው አቅራቢያ መጋባት የተለመደ ስለሆነ ሴት ልጅ ከወላጆቿ ብዙም አትርቅም። የኬራላ ቁጥር 964 የሆነው በዚህ ብቻ ባይሆንም፣ ይህ ድርሻ አለው።

ሴት የተቀነሰበት መንደር ደግሞ ዋጋውን መክፈሉ አልቀረም። በሃርያና ሚስት ያጡ ወንዶች ከቤንጋል፣ ከአሳምና ከቢሃር ሴት ያስመጣሉ። ብዙ ጊዜ በደላላ፣ በገንዘብ። ሴቲቱ ቋንቋውን አታውቅም፣ ምግቡን አታውቀውም፣ “የተገዛች” እየተባለች ትኖራለች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጠቅላላውን የወንድና የሴት ቁጥር አይተው እንዳይታለሉ። በሂማላያ ግርጌ በአልሞራ ወረዳ በ2011 ለ1,000 ወንድ 1,139 ሴት ተቆጥሯል። ሴት የተከበረበት አገር ይመስላል አይደል? ነገሩ ወንዶቹ ለእንጀራ ወደ ሜዳው ከተሞች ወርደው ነው። እርሻውም ከብቱም ሽማግሌውም ለሴቶቹ ቀርቷል።

ሁለት መንደሮች፣ ሁለት ዘዴ

በሃርያና ቢቢፑር የምትባል መንደር አለች። ሊቀመንበሯ የነበሩት ሱኒል ጃግላን በ2015 አባቶች ከሴት ልጃቸው ጋር ሰልፊ ተነሥተው እንዲልኩ ዘመቻ ከፈቱ። በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ በሬዲዮ አነሡትና አገሩን አዳረሰው። ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት በቀናት ውስጥ የተሰራጨ ነገር ስለሆነ እንደ ማርኬቲንግ ሰው ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። ከሴት ልጁ ጋር ፎቶ ለመነሣት ያፍር የነበረ አባት ባደባባይ መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ጥሎሹ ግን ከፎቶው በኋላም እዚያው ነው።

ሁለተኛዋ በራጃስታን፣ ራጅሳማንድ ወረዳ ያለችው ፒፕላንትሪ ናት። አካባቢው የእምነ በረድ ማዕድን የሚቆፈርበት፣ ኮረብታው የተራቆተ፣ ውኃው የራቀ ነበር። የመንደሯ ሊቀመንበር ሺያም ሰንደር ፓሊዋል ኪራን የምትባል ልጃቸው በለጋ ዕድሜዋ ሞተችባቸው። በስሟ ዛፍ ተከሉ። ከዚያ ሐሳቡ ሰፋና የመንደሩ ደንብ ሆነ፤ ሴት ልጅ በተወለደች ቁጥር 111 ዛፍ ይተከላል።

ዛፉን ዓለም ሁሉ ጽፎለታል። እኔን የማረከኝ ግን ከዛፉ ጀርባ ያለው ሒሳብ ነው። ልጅቱ ስትወለድ ወላጆቿ 10 ሺህ ሩፒ፣ መንደሩ ደግሞ አዋጥቶ 21 ሺህ ሩፒ ያወጣሉ፤ 31 ሺህ ሩፒ በስሟ ለዓመታት በማይነካ የባንክ ተቀማጭ ይገባል። ወላጆቿም ከ18 ዓመቷ በፊት ላይድሯት፣ ሊያስተምሯትና ዛፎቿን ሊንከባከቡ በፊርማቸው ይገባሉ። ከላይ ያልኩዎትን ማስታወቂያ ያስታውሱ። ክሊኒኩ ለአባትየው “ሴት ልጅ ኪሳራ ናት” ብሎ ሒሳብ ሠርቶለት ነበር። ፒፕላንትሪ ስብከት አልሰበከችለትም፤ ሒሳቡን ነው የቀየረችለት።

ዛፎቹ ኒምና ማንጎን የመሳሰሉ ናቸው። ምስጥ እንዳይበላቸው በዙሪያቸው እሬት ተተከለ፤ እሬቱ ሲበዛ የመንደሩ ሴቶች ጭማቂና ቅባት እያደረጉ ይሸጡት ጀመር። በነሐሴ ገደማ በሚውለው የራኪ በዓል የህንድ እኅቶች በወንድማቸው እጅ ላይ ክር ያስራሉ። የፒፕላንትሪ ሴት ልጆች ዛፎቹም ላይ ያስራሉ። ፓሊዋል በ2021 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት ሽልማት አግኝተዋል።

መንደሩን የሚመራው ምርጫ ላይ የሚቆመው ምክር ቤት፣ ፓንቻያት የሚሉት ነው። በ1993 በጸናው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቢያንስ ሲሶው ቦታ ለሴቶች ተይዟል፤ ብዙ ግዛቶች ግማሽ አድርገውታል። ወንበሩ የሷ ሆኖ ስብሰባውን ባልየው የሚመራበት መንደር ጥቂት አይደለም፤ ለእንዲህ ያለው ባል እንዲያውም የራሱ መጠሪያ ወጥቶለታል፣ “ሳርፓንች ፓቲ”፣ የሊቀመንበሯ ባል። ቢሆንም ዓመታት ሲያልፉ በራሷ አንደበት የምትናገር ሊቀመንበር እየበዛች ነው።

ቆጣሪዎቹ በ2027 እንደገና በየመንደሩ ሲዞሩ፣ ያቺ ከ7 ዓመት በታች የምትለዋ ትንሽ መስመር ከየቤቱ ትሞላለች። ፒፕላንትሪ ሲደርሱ ግን ከዚያ መስመር የወጡ ሴት ልጆች ያገኛሉ። ዛፉ መተከል ከጀመረ 18 ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ተቀማጫቸውን የሚያወጡበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል፤ 111 ዛፎቻቸውም ከኮረብታው ላይ ቆመዋል።